የቀለም ልክ፦ የአልበርት ሄንሪ ሙንሴል ሕይወትና ሥራ

ሰው እህልን በቁና፣ ጨርቅን በክንድ፣ መሬትን በገመድ ሲለካ ብዙ ዘመን ኖሯል። ልኩ ከአገር አገር ቢለያይም ገዢና ሻጭ የሚስማሙበት መስፈሪያ አልታጣም። ቀለም ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆኖ የቆየ ነገር ነው። የሚታወቀው በስሙ ነበር፤ ስሙንም የተዋሰው ከአበባ፣ ከፍሬ፣ ከእንስሳና ከመጠጥ ነው። በአማርኛ እንኳ ወይን ጠጅ የሚባለው ቀለም ለአንዱ ሰው ወደ ጥቁር ያደላ ቀይ ሲሆን ለሌላው ሐምራዊ ነው። ዳማ ሲባልም ሰሚው ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም በአእምሮው አይሥልም። ነገሩ በጨዋታ መካከል ሲነሣ ጉዳት የለውም። ደንበኛው አንድ ሺህ ካናቴራ በወይን ጠጅ ቀለም አዝዞ፣ አታሚው ራሱ በሚያውቀው ወይን ጠጅ ሺሁንም አትሞ ሲያስረክብ ግን የስሙ ብዥታ በገንዘብ ይተመናል። ከሁለቱ አንዳቸው መክሠራቸው አይቀርም፤ ዋሽቷል ሊባል የሚችል ሰው ግን የለም።

ይህን ብዥታ ለማስወገድ ከደከሙት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት ሄንሪ ሙንሴል ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር ንድፍ አውጥቶ በስክሪን የሚያትም ባለሙያ ስሙን ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፤ ሆኖም ቀለም መርጦ ቁጥሩን በሚመዘግብበት ጊዜ የሚሄደው ይህ ሰው በጠረገው መንገድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙንሴል ጃንዋሪ 6 ቀን 1858 በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት በቦስተን ከተማ ተወለደ። ያደገበት አካባቢ በዚያን ጊዜ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የተስፋፉበት ነበረ። ፋብሪካዎቹ ንድፍ አውጪ ባለሙያዎችን ይሹ ስለነበረ፣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1870 የሥዕል ንድፍ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ደነገገ፤ በ1873 ደግሞ ይህንኑ ትምህርት የሚሰጡ መምህራን የሚሠለጥኑበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በቦስተን ተከፈተ። ሙንሴል የተማረው በዚህ ትምህርት ቤት ነው፤ በኋላም የሕይወቱን አብዛኛውን የሥራ ዘመን በመምህርነት ያሳለፈው በዚያው ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያውም የቀለም ጉዳይ ለእርሱ የሠዓሊ ጣዕም ብቻ ሳይሆን የፋብሪካና የመማሪያ ክፍል ጉዳይ ጭምር ነበረ።

ገና ተማሪ ሳለ በ1879 ኦግደን ሩድ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ ስለ ቀለም ሳይንስ ያሳተመውን መጽሐፍ አነበበ። መጽሐፉ ቀለማት በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ባለው አካል ውስጥ ሊደረደሩ እንደሚችሉ ያስረዳል። ወጣቱ ሙንሴል በዚህ አሳብ ተማርኮ ሁለት ሾጣጣ ቅርጾችን በመሠረታቸው አጋጥሞ በላያቸው ላይ ቀለም ቀባና እያሽከረከረ ተመለከታቸው። በኋላ ለሚሠራው ሥራ ሁሉ ፍሬው የተዘራው በዚያን ጊዜ ነው።

በ1885 ወደ ፈረንሣይ አገር ተሻግሮ በፓሪስ ከተማ በዣልያን አካዳሚና በታወቀው የሥነ ጥበብ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተማረ። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ወደ ቦስተን ተመልሶ ማስተማሩን ቀጠለ፤ ባሕርና የሰው መልክ በመሣልም ታወቀ። መልካቸውን ከሣለላቸው ሰዎች መካከል ዓይነ ስውርና መስማት የተሳናት ሆና ሳለ በትምህርቷና በጽሑፏ ዓለም ያደነቃት ሔለን ኬለር ትገኛለች።

በ1892 ሙንሴል ከሠዓሊው ከዴንማን ሮስ ጋር በቬኒስ ሥዕል ሲነድፍ፣ ሠዓሊ ቀለሙን በገበታው ላይ ከማኖሩ በፊት ቅደም ተከተሉን በአእምሮው ሊያደራጅበት ስለሚችልበት ሥርዓት ከባልደረባው ጋር ተወያየ። ይህ አሳብ ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም። ሙዚቀኛ ዜማውን በምልክት ጽፎ ባሕር ማዶ ቢልከው፣ ተቀባዩ ደራሲውን ሳያይና ድምፁን ሳይሰማ ዜማውን ሊጫወተው ይችላል። ሠዓሊና ነጋዴ ግን ቀለምን ለሩቅ ሰው ለመንገር ቁራጭ ጨርቅ ከመላክ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም፤ ጨርቁም በፀሐይ ይለቃል፣ በእጅ ይቆሽሻል። ሙንሴል የፈለገው ለቀለም እንደ ዜማ ያለ የጽሕፈት ምልክት ማግኘት ነበረ።

መልሱ ቀላል ሆኖ የሚታየው ከተገኘ በኋላ ነው። ማንኛውም ቀለም ሦስት ጠባይ አለው። አንደኛው ዘሩ ነው፤ ይኸውም ቀይ ወይም ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የሚያሰኘው ጠባይ ነው። ሁለተኛው የብርሃን ልኩ ነው፤ ይህም ቀለሙ ወደ ጥቁር ወይስ ወደ ነጭ የቀረበ መሆኑን ያመለክታል። ሦስተኛው ኃይሉ ነው፤ ይህ ደግሞ ቀለሙ ከግራጫ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። የጡብ ቀይና የበርበሬ ቀይ ዘራቸው አንድ ሊሆን፣ የብርሃን ልካቸውም ሊቀራረብ ይችላል፤ የሚለያዩት በኃይላቸው ነው። ከሦስቱ አንዱን ትቶ ስለ ቀለም መናገር የአንድን ሣጥን ርዝመትና ስፋት ተናግሮ ቁመቱን እንደ መርሳት ያህል ነው።

ሙንሴል ለብርሃን ልኩ ቀጥ ያለ ምሰሶ አቆመ፤ ከታች በዜሮ ጥቁርን፣ ከላይ በ10 ነጭን፣ በመካከላቸውም ግራጫዎችን አኖረ። በምሰሶው ዙሪያ አምስት ዋና ዘሮችን፣ ማለትም ቀይን፣ ቢጫን፣ አረንጓዴን፣ ሰማያዊንና ሐምራዊን ደረደረ፤ በየመካከላቸውም ሌሎች አምስት አስገብቶ አሥር አደረጋቸው። የቀለሙ ኃይል ከምሰሶው ወደ ውጭ በሚቆጠር እርምጃ ይለካል። ስለዚህ ቀይ 5/10 ተብሎ ሲጻፍ ዘሩ ቀይ፣ የብርሃን ልኩ በጥቁርና በነጭ መካከል፣ ኃይሉም ከግራጫ አሥር እርምጃ የራቀ መሆኑ ይታወቃል። ወይን ጠጅ በሚለው ስም የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች እነዚህን ቁጥሮች ቢጠቀሙ ክርክራቸው ያከትማል።

እርምጃዎቹን በግምት ብቻ አልወሰናቸውም። ከአንድ ገጽ የሚመለሰው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ በሚጠብና በሚሰፋ ቀዳዳ አማካይነት የሚያነጻጽር መሣሪያ ሠርቶ በ1901 የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ከእርሱ በፊት የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተጠቀመበትንም ዘዴ ሥራ ላይ አዋለ፤ ቀለም የተቀቡ ክብ ወረቀቶች እርስ በርስ ተጠላልፈው በፍጥነት ሲሽከረከሩ ዓይን ድብልቃቸውን እንደ አንድ ቀለም ያያል። ሙንሴል አምስቱ ዋና ቀለማት በእኩል ብርሃንና በእኩል ኃይል ሆነው በአንድነት ሲሽከረከሩ ግራጫ እንዲሰጡ አድርጎ መረጣቸው። ከአምስቱ አንዱ ቢያይል ግራጫው ወደዚያ ያዘነብላልና፣ ሚዛኑ ራሱ ስሕተቱን ያጋልጣል።

የሙንሴል ትልቁ ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው እምነቱ ቀለማት ሁሉ በፍጹም ክብ ሉል ውስጥ ይገባሉ የሚል ነበረ፤ በ1900ም ለቀለም ሉል የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል። ሉሉ ለዓይን ያማረ፣ ለተማሪም ለማስረዳት የተመቸ ነበር። ልኬቱ ግን ከቅርጹ ጋር አልተስማማም። በዘመኑ ከሚገኙት መቀቢያዎች ብርቱው ቀይ ከምሰሶው የሚርቀው፣ በተቃራኒው ቆሞ ከሚመለከተው ብርቱ ሰማያዊ አረንጓዴ እጥፍ ያህል ነበረ። ቢጫ ኃይሉን የሚያገኘው ወደ ነጭ በቀረበ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ግን ዝቅ ባለው ደረጃ ነው። ሉሉን ለማዳን ቢፈልግ ብርቱዎቹን ቀለማት መቁረጥ፣ ወይም እርምጃውን በአንዱ በኩል ማስረዘምና በሌላው ማሳጠር ነበረበት። ሙንሴል ሁለቱንም አላደረገም። ሉሉን ለማስተማሪያ ያህል አስቀርቶ፣ እውነተኛውን ቅርጽ በዛፍ መሰለው፤ ግንዱ የግራጫዎች ምሰሶ ሲሆን ቅርንጫፎቹ አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይዘረጋሉ።

የዚህን ውሳኔ ክብደት ለመረዳት በዘመኑ ከነበረ ሌላ ታላቅ ሰው ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1909 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ጀርመናዊው ቪልሄልም ኦስትቫልድ በ1905 ወደ አሜሪካ ለማስተማር በመጣ ጊዜ ከሙንሴል ጋር ተገናኝቷል። ኦስትቫልድ ከዓመታት በኋላ የራሱን የቀለም ሥርዓት ሲያወጣ ቀለማቱን ሁሉ ሁለት ሾጣጣዎች በተጋጠሙበት የተስተካከለ አካል ውስጥ አስገባ፤ የየዘሩ ብርቱ ቀለም በጠርዙ ላይ እኩል ቦታ ይይዛል። ሥርዓቱ በአውሮፓ ብዙ ወዳጅ አፈራ። ነገር ግን ጠርዙ አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ፣ የኬሚስትሪ ባለሙያዎች ከቀድሞው የበረታ አዲስ መቀቢያ ባገኙ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ ይታጣል። የሙንሴል ዛፍ ግን አዲስ ቀለም ሲመጣ አንድ ቅርንጫፍ ማስረዘም ይበቃዋል። ይህም በኋለኛው ዘመን በተግባር ታየ፤ የኬሚካል መቀቢያዎች እየበረቱ ሲሄዱ ቅርንጫፎቹ ረዘሙ እንጂ ዛፉ አልፈረሰም።

የቀለም ምልክት ጽሕፈትን የሚያስረዳው መጽሐፉ በ1905 ታተመ። የተጻፈው ከሁሉ በፊት ለመምህራን ነበር። ሙንሴል ሕፃናትን ከመጀመሪያው በሚጮኹ ቀለማት ማስተማር ዓይናቸውን ያደነዝዛል የሚል አቋም ነበረው፤ ስለዚህ በመካከለኛ ብርሃንና በመካከለኛ ኃይል የተዘጋጁ የሥዕል ጠመኔዎችና የውሃ ቀለሞች እንዲሠሩ አደረገ። ቀጥሎ የመጣው ሥራ ከዚህ ይልቅ አድካሚ ነበረ። ምልክቱ በወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ እንዳይሆን፣ እያንዳንዱ ቁጥር በዓይን የሚታይ ናሙና ሊኖረው ይገባል። በ1915 ይህንኑ የያዘ የቀለም አትላስ አወጣ። ካርታ የምድርን ስፍራ እንደሚያሳይ ሁሉ አትላሱ የቀለማትን ስፍራ ያሳያል፤ በቦስተን የሚገኝ ሰው ገጹንና ረድፉን ቢጠቅስ በለንደን ያለው ባልደረባው ያንኑ ቀለም ከራሱ ቅጂ ያገኘዋል።

ሙንሴል ሥራውን የሚያስቀጥል ኩባንያ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አቋቁሞ፣ ጁን 28 ቀን 1918 በ60 ዓመቱ አረፈ። አትላሱ ገና ያልተሟላ ነበረ፤ እርምጃዎቹም እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋቸው ነበር። ልጁ አሌክሳንደር ሥራውን ተረከበ። የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች በ1920 ሥርዓቱን መርምረው ጥንካሬውንና ጉድለቱን የሚያሳይ ጥናት አወጡ፤ በ1929 የተሻሻለው የሙንሴል የቀለም መጽሐፍ ታተመ። በ1943 ደግሞ የአሜሪካ የኦፕቲክስ ማኅበር ኮሚቴ ብዙ ተመልካቾች በሰጡት ፍርድ ላይ ተመሥርቶ የየናሙናውን ቦታ አርሞ በዓለም አቀፍ የብርሃን መለኪያ ቁጥሮች አስቀመጠው። እርማቱ ብዙ ናሙናዎችን ከቦታቸው ጥቂት አንቀሳቀሰ፤ ሦስቱን ጠባዮች፣ ምሰሶውንና ቅርንጫፎቹን ግን አልነካም። ሥርዓቱን ከእርጅና ያዳነው ሠሪው ራሱ ለልኬት ክፍት አድርጎ መተዉ ነው።

ከዚህ በኋላ የተፈጸመው ነገር ሙንሴልን በቀጥታ ከኮምፒዩተር ጋር ያገናኘዋል። ዓለም አቀፉ የብርሃን ጉዳይ ኮሚሽን በ1976 ኤል፣ ኤ እና ቢ በሚሉ ሦስት ፊደላት የሚጠራውን የቀለም መለኪያ አጸደቀ። መለኪያው ሲዘጋጅ የቀለማቱ ርቀት ለዓይን እኩል ሆኖ እንዲታይ ከታለመባቸው መሠረቶች አንዱ የሙንሴል ናሙናዎች አቀማመጥ ነው። ኤል የሚባለው የብርሃን ልክ ከዜሮ እስከ 100 ይቆጠራል፤ ለአሥር ሲካፈል ከሙንሴል ምሰሶ ቁጥር ጋር እጅግ ይቀራረባል። በሁለቱም ዘንድ የመካከለኛው ግራጫ ገጽ የሚመልሰው ብርሃን ግማሽ ሳይሆን ከአምስት አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የሰው ዓይን ግማሽ አድርጎ የሚያየው ያንን ነውና። የዛሬው የንድፍ ሶፍትዌር የአንድን መደበኛ የማተሚያ ቀለም ማንነት በመዝገቡ የሚይዘው በአብዛኛው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ነው።

ይሁን እንጂ የቀለምን ቦታ ማወቅ ቀለሙን መሥራት አይደለም። ሙንሴል የተወው ካርታ ሲሆን አታሚው የሚፈልገው ደግሞ የቅመማ ልክ ነው። ይህን ክፍተት የሞላው ሎረንስ ኸርበርት በ1963 በፓንቶን ኩባንያ ስም ያወጣው የማተሚያ ቀለም ማዛመጃ ነው። እያንዳንዱ ናሙና ቁጥር አለው፤ ከጥቂት መሠረታዊ ቀለማት ምን ምን ያህል ተመዝኖ እንደሚደባለቅም ከጎኑ ተጽፏል። ከናሙናው ጋር የሚዛመደው ግን በተነገረው ወረቀት ላይ በተነገረው ውፍረት ሲታተም ነው።

የስክሪን ኅትመት ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ሳሙኤል ሳይመን በ1907 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ ይህ ሙያ ብዙ ቢሻሻልም፣ ቀለምን በወንፊት አሳልፎ በጎማ መግፋቱ አልተለወጠም። የወንፊቱ ዓይን ሲሰፋ ቀለሙ ይወፍራል፣ ሲጠብ ይሳሳል፤ በዚያው መጠን የብርሃን ልኩና ኃይሉ ይለወጣል። በጥቁር ካናቴራ ላይ ቢጫ ቢታተም፣ ከሥሩ ነጭ ንጣፍ ካልተደረገለት የጨርቁ ጥቁረት ውጦት ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። የኮምፒዩተሩ መስኮት በበኩሉ ራሱ ብርሃን የሚያወጣ ነው፤ የታተመ ጨርቅ ግን የሌላውን ብርሃን ይመልሳል። ሁለቱ ቀለማት በፀሐይ ብርሃን አንድ መስለው በመብራት ሥር የሚለያዩበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ቀለም ምልክት ነው እንጂ ናሙና አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ሥርዓት ግልጽ ነው። ንድፍ አውጪው መደበኛውን ቀለም ከሶፍትዌሩ መዝገብ በስሙና በቁጥሩ መርጦ፣ ለብቻው እንደሚታተም ቀለም አድርጎ ማቆየት ይኖርበታል፤ ወደ አራቱ የተለመዱ የኅትመት ቀለማት ከተመነዘረ አንዱ ወንፊት በአራት ይተካል፣ ቁጥሩም ይጠፋል። አታሚው ቁጥሩን ይዞ ቅመማውን በሚዛን ይመዝናል፤ በሚታተምበት ጨርቅ ቁራጭ ላይ ሞክሮ፣ ከደረቀ በኋላ፣ በቀን ብርሃን ወይም ለዚሁ በተመደበ መብራት ሥር ከናሙናው መጽሐፍ ጋር ያስተያያል። ደንበኛውም የሚፈርመው በዚህ ቁራጭ ላይ ነው። በሶፍትዌር መዝገብ ብቻ መተማመን አደጋ እንዳለው በ2022 መገባደጃ ታይቷል፤ አዶቤ የተባለው ኩባንያ አብዛኞቹን የፓንቶን መዝገቦች ከፕሮግራሞቹ ሲያነሣ፣ የተለየ ክፍያ ያልፈጸሙ ተጠቃሚዎች የቀድሞ ንድፎቻቸውን ሲከፍቱ በቀለሙ ፈንታ ጥቁር አገኙ። ቁጥሩን በሥራ መዝገቡ ላይ የጻፈና የታተመ ናሙና በእጁ ያለው ሰው ግን ሥራው አልቆመበትም።

የሙንሴል ሥርዓት ከማተሚያ ቤት ውጭም ሰፊ አገልግሎት ይሰጣል። በኢትዮጵያ የአፈር ተመራማሪዎች እንደ ሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ሁሉ የሙንሴልን የቀለም ገበታ ይዘው ወደ መስክ ይወጣሉ። የዋልካን ጥቁረት ወይም የደጋውን ቀይ አፈር በስም ብቻ አይጽፉትም፤ አፈሩን በደረቁና በእርጥቡ ከገበታው ናሙና ጋር አስተያይተው ዘሩን፣ የብርሃን ልኩንና ኃይሉን በቁጥር ይመዘግባሉ። ለሠዓሊ ልጆች የተዘጋጀው ምልክት ለገበሬው መሬት መግለጫ ሆኗል።

ሙንሴል በሕይወት ዘመኑ የቀለምን ውበት አልቀነሰም፤ ውበቱን ለመናገር የሚያስችል የጋራ ቋንቋ ጨመረበት እንጂ። ያማረ ሉል በእጁ ይዞ ሳለ፣ ልኬቱ እንቢ ባለው ጊዜ ሉሉን ትቶ ጎርባጣውን ዛፍ ተቀበለ። በሙያችን ዘንድ ከቁጥሮቹ ይልቅ መታሰብ የሚገባው ይህ ጠባዩ ነው። በመስኮቱ ላይ ያማረው ቀለምና በጨርቁ ላይ የታየው ቀለም በተለያዩ ጊዜ፣ መታረም ያለበት ቅመማው፣ ወንፊቱ ወይም ንጣፉ ነው፤ ደንበኛው የተስማማበት ናሙና ግን ከቦታው አይነቃነቅም።